የኑርዬ ብርዝ

ጠጅ የሚጠጣ ሞልቷል፤ የሚቀምስ ግን እኔ ሽታው ነኝ። ጉራ የመሰለው ሐይቅ ከተማ ወርዶ ይጠይቅ። ብርሌውን መጀመሪያ ወደ ብርሃን አነሳለሁ፣ ቀጥዬ አሸታለሁ፣ ከዚያ ትንሽ ጎንጨት ብዬ ምላሴ ላይ አቆየዋለሁ። ችኩል ሰው ጣፋጩን ብቻ አግኝቶ ይውጣል። ጌሾው የሚናገረው ኋላ ነው።

የእህቴ የተሾመች ልጅ ሔለን ልትዳር በሠርጉ ዋዜማ ጠጁን እንድቀምስ ተጠራሁ። ግሩም ነበር። ድገሚኝ ስላት ተሾመች ብርሌውን ተቀበለችኝ።

«ጋሼ፣ ይኸንንም ቅመስልኝ» ብላ ጓዳ አስገባችኝ። ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ያዘጋጀችው ብርዝ ነው።

«ማርና ውሃ ደግሞ ምኑ ይቀመሳል?» ብዬ ሳቅሁ።

«ጋኑ የጠጅ ነበር። በግራዋ ሳይታሽ፣ በወይራ ሳይታጠን፣ ልጆቹ በውሃ ብቻ አለቅልቀው ሞሉበት። የሞሉት ከትናንት ወዲያ ነው።»

ሳቄ ጠፋ። ኑርዬ ነገ ከነቤተሰቡ ይመጣል። ከልጅነታችን ጀምሮ አርዲቦ ሐይቅ ላይ አብረን ዓሣ ያጠመድን ወዳጄ ነው፤ በዕድሜው የሚያሰክር ነገር በአፉ አልዞረም። ቅመስና እየው አይባል ነገር! ያለው የእኔ ምላስ ብቻ ነው።

አየሁት፤ ጠርቷል። አሸተትኩት፤ ማር ማር ይላል። አፌ ውስጥ አቆየሁት፤ ይጣፍጣል። ተሾመች አፍ አፌን ታያለች። ሌላ ማር እንደሌላት አውቃለሁ፤ ደህና ነው ልላት ምንም አልቀረኝም። ስውጠው ግን ቆንጠጥ የምታደርግ ነገር ምላሴ ሥር ቀረች።

«መፍላት ጀምሯል» አልኳት።

«ትንሽ ነዋ?»

«ለእኔ ትንሽ ነው። ለኑርዬ ትንሽ የሚባል የለም።»

እንባዋ መጣ። እየተነጫነጭኩ ቤቴ ሄድኩና ለትንሣኤ ጠጅ የደበቅኳትን ማር አመጣሁላት። በአዲስ እንስራ እንደገና በረዘች።

በማግስቱ ዳሱ ውስጥ ብርዝ ሲታደል እኔ ከበር ቆሜ ነበር። የጋኑ ወሬ ለካ ቀድሞን ወጥቷል፤ ጎረቤታችን አሕመዲን ብርጭቆውን ይዞ አመነታ። ከጎኑ የተቀመጠው ኑርዬ ቀና ብሎ ተሾመችን አያት።

«ማን ቀመሰው?»

«ጋሼ ሽታው።»

«እሱ ከቀመሰውማ ምን ቀረ!» አለና «ቢስሚላህ» ብሎ እስከ ታች ጠጣው። አሕመዲንም ተከተለው። እኔ ደስታው አላስችል ቢለኝ ፊቴን አዙሬ ዓይኔን ጠረግሁ።