የእቃ ቤቱ ቁልፍ

ዊም የሚባለው ሰውዬ ኮፍያውን ሆቴል ረስቶ ባይመለስ ኖሮ ይኼ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር። ምን ላድርግ፣ አስጎብኚ ነኝ፤ ሥራዬ ፈገግ ብሎ መጠበቅ ነው። አምስት እንግዶች ይዤ የፓታን ከተማ ቤተ መንግሥት አደባባይ ላይ፣ ከድንጋዩ የክሪሽና ቤተ መቅደስ ፊት ለፊት ተገትሬ፣ ኮፍያ ስጠብቅ የጠዋቱ እኩሌታ አለቀ።

ሌላ ቀን ቢሆን ግድም አይሰጠኝ። የዚያን ቀን ግን እናቴ በሠረገላ የምትዞርበት ቀን ነበር። እኛ የፓታን ነባር ሕዝብ፣ ኔዋሮች ዘንድ ሰው ሰባ ሰባተኛ ዓመቱን ሲያልፍ ከአማልክት ይቆጠራል። ቀይ ለብሶ የእንጨት ሠረገላ ላይ ይቀመጥና ልጆቹና የልጅ ልጆቹ በገመድ እየጎተቱ ሰፈሩን ያዞሩታል። የፊተኛውን ገመድ የሚይዘው የበኩር ልጅ ነው። የበኩር ልጅ ደግሞ እኔ አስታ ነኝ።

ታዲያ ሥራ ምን ልትሠራ ሄድክ ካላችሁኝ፣ አለቃዬን ሱዲርን ጠይቁልኝ። በዋዜማው ደውሎ እነዚህ እንግዶች ኢንተርኔት ላይ አስተያየት የሚጽፉ ናቸው፣ ካንተ ሌላ ለማንም አልሰጣቸውም አለኝ። እኔ ደግሞ እምቢ ማለት አላውቅበትም። ሴት ልጄ በደንባችን መሠረት በልጅነቷ በል ለሚባል የዛፍ ፍሬ በተዳረችበት ቀን እንኳ ቡድን ይዤ ሌላ ከተማ ነበርኩ። ባለቤቴ ራጃኒ ይችን ነገር እስከ ዛሬ በተጣላን ቁጥር ታነሳታለች።

ጠዋት ስወጣ እናቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። የኮቴን ኮሌታ አቃናችልኝ፣ ደረቴን በመዳፏ መታ መታ አደረገችና ትመጣ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሠረገላው አደባባይ ሳይደርስ ጨርሼ ገመዱን እዚያው እቀበላለሁ አልኳት።

ኮፍያው መጣ። ከኮፍያው ጋር ጥያቄው መጣ። ዊም ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ጊዜ ሞልቶታል። ከጣሪያው ሥር የተቀረጸውን እያንዳንዱን ጣውላ ፎቶ ካላነሳሁ አለ። ይኼኛው አምላክ ማነው፣ እጁ ለምን በዛ፣ ያኛው እግሩ ሥር የተኛው ምን አድርጎ ነው። ሚስቱ በበኩሏ ከነሐስ ሳህን ሻጩ ጋር ክርክር ገጥማለች፤ ዋጋ ሲቀንስላት ትሄዳለች፣ ሲተዋት ትመለሳለች። ቆሽቴ አረረ። ጥርሴ ግን ፈገግ እንዳለ ነው።

ምሰሶ ላይ የተቀመጠው የንጉሥ ሐውልት ጋ ስንደርስ የሁልጊዜዬን አወራሁ። ንጉሡ ቤተ መንግሥቱን ጥሎ መነነ፤ ራሱ ላይ ያለችው የነሐስ ወፍ እስካልበረረች ድረስ ይመለሳል ተብሎ መስኮቱ ክፍት ሆኖ ይጠብቀው ነበር። ዊም አገጩን እያሻሸ አሰበና ለመሆኑ ሲጠብቁት የኖሩት ሰዎች አልተናደዱም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ስንት ዓመት ይኼን ስናገር እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ስለ እሱ የተጻፈ ነገር የለም ብዬ አለፍኩት።

የሠረገላው አጀብ ከበሮ የተሰማው ቤተ መንግሥቱ ፎቅ ላይ ሆነን ነው። የተፈለፈለው የእንጨት መስኮት ጋ ሮጥኩ። እናቴ ከታች በአደባባዩ መሀል ታልፋለች። ቀይ ለብሳ፣ ወርቋን ደርድራ፣ ፈንዲሻ እየተበተነላት። የፊተኛውን ገመድ ታናሽ ወንድሜ ቢኬሽ ይዞታል፤ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እያየ ይፈልገኛል። ደረጃው ጠባብ ነው፣ ከላይ እስከ ታች በጎብኚ ተሞልቷል። ብጮህም የሚሰማኝ የለም።

እንግዶቼ መስኮቱን ተሻሙት። ዊም ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። አፌ እንደለመደው ሁሉንም አስረዳሁት፤ ዕድሜውን፣ ቀዩን ልብስ፣ ሠረገላውን። ስለ ሌላ ሰው እናት የማወራ ነው የሚመስለው።

"የሚጎትቷት ልጆቿ ናቸው?" አለኝ።

"አዎ።"

"ሁሉም ልጆቿ?"

"ሁሉም" አልኩት።

ቆየት ብሎ ስልኬ ነዘረ፤ ራጃኒ ናት። ሠረገላው ዞሮ በር ላይ ደርሷል፣ የእቃ ቤቱ ቁልፍ ግን የለም አለችኝ። ቁልፉ ተራ ነገር አይደለም። ወደ ቤታችን በክብር የሚገባ ሰው ዝም ብሎ አይገባም፤ የቤቱ ሴት የቁልፉን አንድ ጫፍ ይዛ ሌላውን ታስይዘውና እየሳበች ታስገባዋለች። ሙሽሪትም የምትገባው እንዲሁ ነው። ቤቱን አተራመስነው፣ የለም አለችኝ። የኮቴን የውስጥ ኪስ ዳበስኩ። ይኸው አለ፤ ስንዝር የሚያህል ብረት! ከጠዋት ጀምሮ ኮቴ የከበደኝ በንዴት መስሎኝ ነበር።

በራሴ ላይ ያላወረድኩት ስድብ የለም። መቼ ነው የከተትኩት? ሌላ ቁልፍ ተጠቀሙ አልኳት። እማ ራሳቸው ሙሽራ ሆነው የገቡት በዚያ ቁልፍ ስለሆነ በሌላ አልገባም ብለዋል አለችኝ። እሺ፣ ሳህን ሻጩ ጎረቤታችን ነው፣ በእሱ ልላከው አልኳት። ስልኩን ዝቅ አድርጋ ስትጠይቅ ሰማኋት።

"በባዕድ እጅ ካለፈ አልወርድም ብለዋል" አለችኝ ተመልሳ። "የወሰደው ራሱ ያምጣው ነው የሚሉት።"

ደሜ ፈላ። ይኼ ደግሞ ከየት የመጣ ደንብ ነው? ደንቡን ሁሉ በየቀኑ ለፈረንጅ የምዘረዝረው እኔ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ደግሞ ኮከብ ቆጣሪው የቆረጠው ሰዓት ሊያልፍ ነው፤ እናቴ በፆም አፏ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች። ለሱዲር ደውዬ ምትክ አስጎብኚ ላክልኝ ስለው፣ ትተሃቸው ከሄድክ ከእኔ ሌላ ቡድን እንዳትጠብቅ አለኝ። እንግዶቼን እየጎተጎትኩ ከፎቅ አወረድኩና ጥላው ሥር ያለው አግዳሚ ላይ አስቀመጥኳቸው።

"ቅድም ያየናት ሴትዮ እናቴ ናት" አልኩት ዊምን። "መሄድ አለብኝ።"

ዊም ትክ ብሎ አየኝ። "ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?"

አይ ሰውዬ! ኮፍያ ሲያስጠብቀኝ የዋለው እሱ፣ ጣውላ ሲያስቆጥረኝ የዋለው እሱ። ቁልፌን ይዤ ሮጥኩ።

ሠረገላው በራችን ላይ ቆሟል። ከበሮ መቺዎቹ ከበሯቸውን መሬት አስቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ኮከብ ቆጣሪው የእጅ ሰዓቱን እያየ ይቁነጠነጣል። ራጃኒ ባዶ እጇን ደፉ ላይ ቆማለች፣ እኔን ስታይ ፊቷን አዞረች። ዘና ያለችው እናቴ ብቻ ናት።

ሠረገላው ጋ ጎንበስ አልኩ። "እማ፣ ይቅር በይኝ። እንዴት ኪሴ እንደከተትኩት እኔም አላውቅም።"

"አንተ አልከተትከውም" አለችኝ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "እኔ ነኝ።"

ደረቴን መታ መታ ያደረገችው ትዝ አለኝ።

"ለቁልፉ ትመጣለህ ብዬ ነው" አለች። "ለእኔ ከሆነ፣ እንግዶቼን ልጨርስ ትለኛለህ።"

እሳት ለበስኩ። ያን ሁሉ ሰው ፀሐይ ላይ ገትራ፣ እኔን በየቅያሱ አስሩጣ፣ ከእንጀራዬ አፈናቅላኝ! ልናገራት አፌን ከፈትኩ። ሐሰት ነው ማለት ግን አልቻልኩም። ቅድም ከመስኮቱ ሆኜ በዓይኔ እያየኋት ስትሄድ እንኳ ስለ ሠረገላው ሳብራራ ነበር። እንባዬ መጣ፤ በሰው ፊት አፈርኩ።

ቁልፉን ለራጃኒ ሰጠኋት። ቀይ ዱቄት ቀብታ ጫፉን ወደ እናቴ ዘረጋችላት። እናቴ አልያዘችውም።

"ልጆቼ ሁሉ ሳይጎትቱኝ አልወርድም" አለች። "አዙሩት።"

ኮከብ ቆጣሪው ሰዓቱ አልፏል እኮ ማለት ጀምሮ ነበር። ግን እናቴ ከዚያን ቀን ጀምሮ አምላክ ናት፤ ከአምላክ ጋር ማን ይሟገታል። እጅጌውን ሰዓቱ ላይ አወረደ። ከበሮ መቺዎቹ ሻያቸውን ጨልጠው ተነሱ። ቢኬሽ "በል እንካ፣ ዳይ" ብሎ፣ ታላቅ ወንድሜ ማለቱ ነው፣ የፊተኛውን ገመድ አቀበለኝ። መዳፉ ቆስሏል፤ ሲጎትት የዋለው የእሱንም የእኔንም ድርሻ ነበር። የድርጅቱን ባጅ ከደረቴ ለመንቀል እንኳ ጊዜ አላገኘሁም።

አደባባዩ ላይ ስንደርስ እንግዶቼ ካስቀመጥኳቸው ቦታ አልተነሱም። ዊም እኔንም ገመዱንም አየና ብድግ ብሎ ኮፍያውን አወለቀ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አልጠየቀም። እኔም ምንም አላስረዳሁም። አንገቴን ደፍቼ እየጎተትኩ ሳልፍ የእናቴ ድምፅ ከኋላዬ መጣ።

"ቀስ በል እንጂ ልጄ፣ ምን ያስቸኩልሃል?"

ቀስ አልኩ።