ነቀምቴ የደረሰው ባሕር

ዋርሳዬ ዋጋሪ፣ የባሌ ወንድም፣ በጃንሆይ ዘመን አሰብ ወደብ ወዛደር ሆኖ ከርሞ ነቀምቴ ተመለሰ። ይዞ የመጣው አንድ ባርኔጣና የባሕር ወሬ ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ የግቢው አዛዥ እሱ ነው፤ የአገሩ ደንብ ለጅልም ይሠራል።

ያን በጋ ጉድጓዳችን ነጠፈ። የላሞቼ ጎድን ወጣ፣ ጡታቸው ደረቀ። እኔና ልጆቼ የምንኖረው በእነሱ ወተት ነው። ጠልቆ ይቆፈር ብዬ ብለምነው ባርኔጣውን አስተካከለ።

«አዴ ወርቂቱ፣ አታውቂም። ንጹሕ ውሃ ከጨው ውሃ ይቀላል፤ ከላዩ ሰፍሮ ይቀመጣል። በጥልቀት ስትቆፍሪ፣ አብዝተሽም ስትቀጂ፣ ባሕሩ ከሥር ሽቅብ ይመጣል። አሰብ ስንቱ ጉድጓድ እንዲህ ተበላሸ።»

«ኦቦ ዋጋሪ፣ አሰብ ባሕሩ ደጃፍ ላይ ነው። እዚህ ከየት ይመጣል?»

«ውሃ መንገድ አይጠፋውም» አለ።

ስለ አሰብ የተናገረው እውነት ይሆናል። ግን ያንን ሁሉ ዳገት በጭነት መኪና እያስመለሰው የወጣ ሰው፣ ባሕር በራሱ ጊዜ ወጥቶ ጓሮዬ ይደርሳል ብሎ ያምናል። ከልቤ ናቅሁት።

ዋጋሪ ዲጋ ከተማ ለቅሶ ሊደርስ ሲሄድ ጠብቄ ቆፋሪውን ጃራን አስጠራሁ። ጃራ ጥቂት እንደወረደ ውሃ ፈለቀለት። ቀመሰና ሳቀ።

«አዴ፣ ሆራ ነው።»

ሆራ ማለት ሰው ከብቱን ከሩቅ እየነዳ የሚወስድለት፣ ከብት የሚያወፍር፣ ወተት የሚያበዛ ጨው ጨው የሚል ውሃ ነው። እሱ በእኔ ጓሮ ፈለቀ። ላሞቼ ሲጠጡ እያየሁ በደስታ አለቀስኩ።

ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ዋጋሪ ጉድጓዱን በድንጋይና በአፈር ደፍኖ፣ ላቡን እየጠረገ ቆሟል።

«ቀመስኩት፤ ጨው ነው። ባሕሩ ደርሶ ነበር» አለኝ። «ደግነቱ ቶሎ ደረስኩ።»

በልጅነቱ ከብት ወደ ሆራ ሲነዳ ያደገ ሰው ነው። አሰብ የገዛ ምላሱን አስረሳችው።

ላሞቹ ከመስክ ሲገቡ በቀጥታ ወደ ጉድጓዱ ሄደው እርጥቡን አፈር ይልሱ ጀመር። ዋጋሪ ሊያባርራቸው ዱላ አነሣ። ዱላውን ከእጁ ቀማሁት። በአክብሮት «ኦቦ» ለማለት አፌ እምቢ አለኝ።

«ተዋቸው፣ ዋጋሪ። እነሱ አሰብን አላዩም፤ ውሃ ያውቃሉ።»

ከዚያ ነጠላዬን በወገቤ አሰርኩና ዶማውን አንሥቼ ራሴ መቆፈር ጀመርኩ።