ሦስት ፈላጊ ያላት መኪና

በመሥሪያ ቤቱ ስሙን የሚጠራው የለም፤ ሁሉም «ሦስቴ» ነው የሚለው። መኪና አስመጪ ድርጅት ውስጥ ሲሠራ ሥራው አንድ ነው፤ አንዷን መኪና በየአገሩ ገበያ እያሳደደ ስንት እንደምትሸጥ፣ ካምቢዮዋ ምን ዓይነት እንደሆነና መገኘት አለመገኘቷን ሰንጠረዥ ላይ ማስፈር። ከሦስት ሰው አፍ ሳይሰማ አንዲት ቁጥር አይጽፍም። አንዱ ሲነግረው ደብተሩ ላይ በእርሳስ ጭረት ያደርጋል፤ ሁለተኛው ሲደግመው ሌላ ጭረት። ሦስተኛው ሲያጸናው ነው እስክሪብቶ የሚያነሣው። እስከዚያ ስለዚያች መኪና ለማንም ትንፍሽ አይልም። አለቃው አንድ ቀን «ያንተ ሰንጠረዥ ዝንፍ አይልም፤ መኪናዋ ግን አያት ሆና ነው የምትደርሰን» ቢለው ቢሮው በሳቅ ተናጋ። ሦስቴ አልሳቀም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ሰሞኑን የያዛት መኪና ክሮስኦቨር ከሚሏቸው ናት፤ ከቤት መኪና ከፍ፣ ከትልቁ ጂፕ ዝቅ ያለች። ይህችው አንዲት መኪና፣ ወይ ጉድ፣ በየአገሩ ጠባይዋ ሌላ ነው። በተሠራችበት አገር ርካሽ ናት፤ ወደ ውጭ የሚልኳት ግን ባለ ማንዋሏን ብቻ ነው። ወደብ ያለው ጎረቤት አገር አውቶማቲኳ አለች፤ ዋጋዋ ከመቶ ሠላሳ ይጨምራል፣ ወረፋዋም ስምንት ወር ነው። ሦስተኛው አገር አውቶማቲክ ሞልቷል፣ ዋጋው ደህና፣ ወረፋ የሚባል ነገር የለም። ምን ያደርጋል፣ መሪዋ በቀኝ ነው፤ እዚህ ሰሌዳ አይሰጧትም።

ሦስቴ ይህን ሁሉ የሚለቅመው ለድርጅቱ ብቻ አልነበረም። ታላቅ እኅቱ የቤት ለቤት ነርስ ናት። ከአልጋ የማይነሡ ሕሙማን ዘንድ እየሄደች ቁስል ታጥባለች፣ መርፌ ትወጋለች፤ በቀን ስምንት ዘጠኝ በር ታንኳኳለች። ባለፈው ዓመት የግራ ጉልበቷ ጅማት ተበጠሰና ቀዶ ሕክምና ያደረገላት ሐኪም «ከእንግዲህ ፍሪሲዮን የሚባል ነገር እንዳትረግጪ» አላት። አሮጌዋ መኪናዋ ማንዋል ስለነበረች ሸጠቻት። የምትሠራበት ክሊኒክ ደግሞ ሾፌር አይቀጥርም። እስከ ወሩ መጨረሻ በራሷ መኪና ካልተመለሰች ሥራዋን ለሌላ ሰጥቶ እሷን መዝገብ ቤት ሊያስቀምጣት ነው። መዝገብ ቤቱ ምድር ቤት ነው፤ መስኮት እንኳ የለውም። ሰው የለመደች ሴት ከፋይል ጋር ምን ታወራለች?

እሑድ ሊጠይቃት ሲሄድ እግሯን ዱካ ላይ ዘርግታ ጠበቀችው።

«እሺ፣ የዛሬው ወሬ ምንድን ነው?»

«በወደቡ በኩል አንድ ነጋዴ ወረፋውን ስድስት ወር አድርጎታል ይላሉ። ገና አላጣራሁም እንጂ።»

«ላም አለኝ በሰማይ! አንተ ልጅ፣ እኔ የቀረኝ አሥራ ሁለት ቀን ነው።»

«እትዬ፣ ትንሽ ታገሺኝ። ሳላጣራ አንቺን ገደል አልከትም።»

«አጣራ፣ አጣራ። አንተ ስታጣራ እኔ ምድር ቤት አቧራ ልቃም» አለችና የአንገቷን ሐብል በጣቷ ታሽከረክር ጀመር። የእናታቸው ወርቅ ነው፤ ሲጨንቃት እጇ እሱን ካልነካ አይሆንላትም። ከልቧ አልተቆጣችም፤ እሱ ግን አመመው። እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችው እሷ ናት። ሦስቴ በዚህ ዓለም የሚፈራው ነገር ቢኖር ለእሷ የተሳሳተ መኪና መግዛት ነው።

ማክሰኞ ጠዋት አንድ የመኪና ደላላ ደወለለት።

«ጌታው፣ ያቺ የምትፈልጋት አውቶማቲክ እዚሁ ከተማችን ተገኝታለች። አንድ ሽማግሌ ፋርማሲስት ልጆቹ ዘንድ ሊሄድ ዕቃውን እየሸጠ ነው። የሁለት ዓመት መኪና፣ መሪዋ በግራ፣ ሰሌዳዋ የተሟላ።»

ዋጋውን ሲሰማ እርሳሱ ከእጁ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ከወደቡ ዋጋ ያንሳል፤ እኅቱ የያዘችው ገንዘብ ይበቃዋል። ሌላ ሰው ቢሆን ኮቱን አንጠልጥሎ ይሮጥ ነበር። ሦስቴ አንድ ጭረት አደረገ። ከዚያም ሁለት ሌሎች ደላሎች ዘንድ ደውሎ ስለዚያችው መኪና ጠየቀ። ሁለቱም «ቆይ ልጠይቅልህ» ብለው ስልኩን ዘጉ።

ረቡዕ አንደኛው መለሰ። «አለች፤ ዋጋዋ ግን ከመቶ አሥር ጨምሯል። ፈላጊ መጥቶባታል።» ሦስቴ ሁለተኛውን ጭረት አደረገና ጎኑ ላይ «ፈላጊ አላት» ብሎ ጻፈ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ የመጨረሻው ደወለ። «አለች፣ ግን ተሻምተውባታል! ሰውየው ከመቶ ሃያ ካልተጨመረ ንቅንቅ አልልም ብሏል። ቶሎ በል!» ሦስቴ ሦስተኛውን ጭረት አደረገ። እስክሪብቶ አነሣ፤ የሦስቱን ዋጋ ደምሮ ለሦስት አካፈለና አማካዩን በሰንጠረዡ አሰፈረ። ከዚያ በኋላ ነው ኮቱን የለበሰው።

ፋርማሲስቱን በረንዳቸው ላይ ካርቶን ሲያሽጉ አገኛቸው።

«አዬ ልጄ፣ አሁን ከአንድ ሰዓት በፊት ተሸጠች» አሉት ሽማግሌው። «እኔማ በመጀመሪያው ዋጋ ልለቃት ነበር። ማክሰኞ አንድ ደላላ ደወለ፤ ማታውን ሌላው፤ ትናንት ደግሞ ሦስተኛው። ሁሉም ‹የኔ ሰው አጥብቆ ይፈልጋታል› ሲሉኝ ምን ላድርግ? ሦስት ፈላጊ ያላትን መኪና ማን በርካሽ ይሰጣል?»

ሦስቴ ግቢው ውስጥ ቆሞ ቀረ። በውጭ አገር አንዱን ጥያቄ ሦስት ቦታ ቢጠይቅ ማንም ልብ አይለውም፤ እዚያ መቶ መኪና አለ። እዚህ የነበረችው አንዲት ናት። ሦስቱ ፈላጊዎች እሱ ራሱ ነበሩ። ለእኅቱ ምን ብሎ እንደሚነግራት እያሰበ በእግሩ ወደ ቢሮው ተመለሰ።

በሩ ላይ ያቺው መኪና ቆማለች። ጥሩምባ ተነፋ። መሪውን የያዘችው እኅቱ ናት።

«ግባ እንጂ፣ ምን ትገተራለህ!» አለችው። ገባ። «ከማስታምማቸው ሰዎች የአንዷ ልጅ ደላላ ነው፤ ትናንት ማታ ነገረኝ። ላንተ ልነግርህ አልኩና፣ ላጣራ ትለኛለህ ብዬ ፈራሁ።»

«በስንት ወሰድሻት?»

«አትጠይቀኝ። ሦስት ሰው ተሻምቶባት ዋጋዋ ሰማይ ነክቷል። ገንዘቤ አልበቃ አለ። ቢሆንም ለሦስት ባዳ አልለቃትም ብዬ…» እጇ ወደ አንገቷ ሄደ። አንገቷ ባዶ ነበር። «እማዬም ብትኖር ሽጪው ነበር የምትለኝ። አይደል?»

ዝም ማለት ይችል ነበር። ደስታዋን አየና ዝም ሊል ምንም አልቀረው። በዕድሜው እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

«እትዬ፣ ሦስቱም እኔ ነኝ» አለ።

«ምን?»

ደብተሩን ገልጦ ሦስቱን ጭረቶች አሳያት፤ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ። በጣቷ አንድ በአንድ ነካቻቸው።

«ማክሰኞ ብትነግረኝ…» አለችና ተወችው።

«ሐብሉን የትኛው ሱቅ ነው የሸጥሽው?»

«ምን ልታደርግ?»

«ያጠራቀምኩት አለኝ። ልመልሰው።»

ሞተሩን አስነሥታ ወደ ወርቅ ቤቶቹ መንገድ ነዳች። ግራ እግሯ ሥራ ፈትቶ ዳር ተቀምጧል። አንዱ ሱቅ ፊት አቆመችለት። ሦስቴ ደብተሩን ወንበሩ ላይ ጥሎ ሮጠ፤ እስከዚያ ቀን ሲሮጥ ያየው ሰው አልነበረም። ወዲያው ወጣ። በሩን ከፍቶ ተቀመጠ፤ አንገቱን አላነሣም።

«ቀልጧል?» አለችው።

«ቀልጧል። ከሌሎቹ ጋር።»

«ከስንት ሰው ሰማህ?»

«ከአንድ።»

«ይበቃል» አለች። «ቀበቶህን እሰር፤ ስምንት ቤት ይጠብቀኛል።»