ዕድሜ ልክ ነፃ ቻርጅ

ነፃ የሚባል ነገር አላምንም። ባለቤቴ የኤሌክትሪክ ታክሲውን የገዛ ዕለት ሻጩ ከረባቱን እያስተካከለ፣ «በኛ ጣቢያ ፈጣን ቻርጅ፣ ዕድሜ ልክ በነፃ!» ሲል፣ «ምን አርገንላችሁ?» አልኩት። ሳቀ። ባለቤቴም አብሮት ሳቀ። ምን አሳቃቸው? ነጋዴ ከመቼ ወዲህ ነው ለሰው የሚያዝነው? ቆይ፣ ይወጣል፣ አልኩ በሆዴ።

ወጣላችኋ! ግቢያችን ውስጥ ሶኬት አለ፤ ማታ ሰክቶት ቢተኛ ጠዋት ሞልቶ ያገኘዋል። እሱ እቴ! «ነፃ እያለ የቤት መብራት ምን በወጣው?» ይልና ከሰዓት ሥራውን ሲጨርስ ወደ ጣቢያው ነው። ፈጣን የተባለው ነገር ባሌን እስኪመሽ ያስቀርብኛል። ምነው ስለው፣ «ወረፋ ነበር።» በማግስቱም ወረፋ። እሑድም ወረፋ! ታላቅ እህቴ፣ «ነፃ ከሆነማ ሰው ይጋፋል፣ ምን ይደረግ» አለችኝ። እሷ የዋህ ናት። እኔ ሸሚዙን ሳላሸት አላጥብም።

አንድ ቀን ጥርሴን አመመኝ ብዬ ከምሠራበት ስፌት ቤት አስፈቅጄ ወጣሁ። ትዳሬን የምትበላውን ሴት በዓይኔ ካላየሁ እንቅልፍ የለኝም።

ጣቢያው ጭር ብሏል። ማሽኖቹ ተደርድረው ቆመዋል፤ የተሰካው የኛ መኪና ብቻ ነው። ወረፋ? የምን ወረፋ! ደሜ ፈላ። አጠገቡ ካለው ጎማ ቤት ጥግ ተሸጉጬ ማን እንደምትመጣ ጠበቅኩ። እሱ ወንበሩን ወደኋላ ለጥጦ ተቀምጧል። ማንም አልመጣም። እግሬ ሲዝል ወደ ጥበቃው ሽማግሌ ሄድኩ።

«አባባ፣ ያ ሰውዬ ማንን ነው የሚጠብቀው?»

«እሱ? ማንንም። መጀመሪያ ሰሞን እዚህ መላወሻ አልነበረም፤ ሌላ ጣቢያ ሲከፈት ቀለለ። ሌላው ሲሞላለት ይሄዳል፤ እሱ ከሞላለትም በኋላ ቁጭ ነው። ቢያስከፍሉት ኖሮ ታዪው ነበር! ነፃ አደረጉትና ሰውን ጎለቱት፣ የኔ ልጅ።»

ሄጄ በሩን በርግጄ ገባሁ። ክው አለ። ስክሪኑ መቶ ይላል።

«ወረፋው የታለ?»

ወንበሩን ቀና አደረገ።

«ማን ናት?»

«ማንም የለችም።»

«ታዲያ ከሞላ መኪና ጋር ምን ትሠራለህ?»

መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። «እዚህ ማንም አይጠይቀኝም» አለ። «ቤት ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ከየት መጣህ፣ ከማን ጋር ነበርክ፣ ለምን ዘገየህ ነው። ይሄ ቻርጅ ነፃ ባይሆን ምን ሰበብ ፈጥሬ እንደምቀመጥ እንጃ። ትንሽ አርፌ ነው የምመጣው።»

በርግጄ የገባሁበትን በር ቀስ ብዬ ዘጋሁት። እኔ፣ ያቺ ምላሳሟ! አሳዘነኝ፤ ላምነው ፈለግኩ። ግን ምን እደብቃችኋለሁ፣ ዓይኔ የኋላ ወንበሩን ይበረብር ነበር። ፀጉር፣ ጉትቻ፣ የሆነ ነገር። ምንም የለም።

ይኼኔ አንዲት መኪና መጥታ አጠገባችን ቆመች። ቆንጅዬ ሴት ወርዳ በሱ በኩል መስታወቱን ቆረቆረች፤ ዝቅ አደረገላት።

«ዛሬም አለህ ወንድሜ?» አለች ፈገግ ብላ። «ከጨረስክ እዚህ ልሰካ፣ ይሄኛው ይፈጥናል ሲሉ ሰምቼ ነው።»

ፊቱ አመድ መሰለ። ወደ እኔ ዞረና፣ «አላውቃትም» አለ፣ እየተጣደፈ። «ልጆቼን ይንሳኝ አላውቃትም! አንድ ቀን ገመዱ ከብዷት አግዣት ነው። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ ብቻ ነው፣ እሱም ከሩቅ…»

ሴትየዋ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየች።

እኔ ገና አፌን አልከፈትኩም ነበር።