በሳህኑ ግርጌ ያለችው ጭረት

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት ታይላንድ፣ ኮን ኬን ከተማ ድረስ ወስዶ ለኦራታይ የነገራት ሰው አልነበረም። እሷ ግን ማንም ሳይነግራት ትኖርበት ነበር። የተጠበሰ ዶሮ ስትገዛ ሚዛኑን ታያለች፤ ሞተር ብስክሌቷን ስታሠራ የመካኒኩን እጅ አትለቅም። ሰሞኑን ደግሞ ያላትን ጥርጣሬ ሁሉ ሰብስባ አንዲት ሴት ላይ ጥላዋለች፤ ኬትሳራ ላይ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦራታይ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የማህፀን በር ካንሰር ሕዋሳትን ታጠናለች። ጤነኛ ሕዋስ ከልኩ በላይ እንዳይራባ የሚይዙት ፕሮቲኖች አሉት፤ ልጓሞቹ ናቸው። ካንሰሩን የሚያመጣው ቫይረስ ገና ሲገባ እነዚህን ልጓሞች ይበጥሳል፤ ከዚያ በኋላ ሕዋሱን የሚያቆመው የለም። ኦራታይ ከልጓሞቹ አንዱን መልሳ ታስገባና ሕዋሳቱን በክብ የፕላስቲክ ሳህን ላይ ትዘራቸዋለች። በሁለት ሳምንት ውስጥ እያንዳንዱ ሕዋስ ተራብቶ አንድ ነጠብጣብ ይሆናል፤ ቀለም ሲነካውም ወይን ጠጅ ይመስላል። ሃምሳና ከዚያ በላይ ሕዋስ ያለው ነጠብጣብ ይቆጠራል፤ ያነሰው ይታለፋል። ሦስት ዓመት ሙሉ ስትቆጥር፣ ልጓም የገባባቸው ሳህኖች ካልገባባቸው በሲሶ ያነሰ ነጠብጣብ ነበራቸው።

የእንጀራ ገመዷ የታሰረው በዚያ ሲሶ ነው። ስድስት ዓመት በየዓመቱ በሚታደስ ኮንትራት ሠርታለች። በአገሩ ወግ «አጃን»፣ መምህር፣ የሚባሉት የላቦራቶሪው ኃላፊ ዊቺየን «ይህ ጥናት ቺያንግ ማይ ከተማ በሚደረገው ጉባኤ ላይ ይቅረብ እንጂ ቋሚ ትሆኛለሽ» ብለዋታል። አጃን ደግሞ ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም።

ከዚያ ኬትሳራ አዲስ ተቀጥራ ከባንኮክ መጣች። ገና በሳምንቷ፣ ታላቅ እህት እንደሚጠራ አድርጋ «ፒ ኦራ» አለቻት።

«የሳህኖቹን ጽሑፍ በጥቁር ፕላስተር ሸፍኜ ቁጥር ብሰጣቸውስ? የቱ ልጓም እንዳለው ሳታውቂ ብትቆጥሪ ማንም አፉን አይከፍትብንም።»

«እስከ ዛሬስ ማን ከፈተ?»

«ማንም! እንዲያው ለጥንቃቄ ነው እንጂ።»

አጃን ሐሳቡን ወደዱት። ቁጥሮቹ የሚፈቱበት ደብተርም ኬትሳራ መሳቢያ ውስጥ ተቆለፈበት። ከዚያች ዕለት ጀምሮ ሲሶው ጠፋ። አንዴ ቆጠረች፣ እኩል ሆነ። በወሩ ደግማ ቆጠረች፣ አሁንም እኩል። ልጓም ያለውም የሌለውም ሳህን እንደ መንትያ ይመሳሰል ጀመር።

ሦስት ዓመት የቆመ ውጤት ሰው በገባ ማግስት ሲጠፋ ምን ይባላል? ኦራታይ የምትለውን ታውቃለች። ልጅቷ ቁጥሮቹን ታቀያይራለች። ለምን ቢሉ፣ ቋሚ የሥራ ቦታው አንድ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ኬትሳራ ማለዳ ከገባች «ምን ልትሠራ ነው?» ሆነ፤ ካረፈደች ደግሞ «ሠርታ ጨርሳ ይሆናል»። ከአጃን ጋር ከሳቀች «በእኔ ላይ ነው»። አንድ ቀን ልጅቷ ምሳ ስትወጣ ኦራታይ መሳቢያዋን ሳይቆለፍ አገኘችው። ከፈተችው፤ ደብተሩ የለም፣ ያለው አንድ ከረጢት የደረቀ ማንጎ ነው። ሁለት ቁራጭ በላችና «ቆጥራው ቢሆንስ?» ብላ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ስትጨነቅ ዋለች። እንግዲህ እንዲህ ዓይነቷ ሴት ነች።

በሦስተኛው ዙር ወጥመድ አጠመደች። ሳህኖቹ አሥራ ሁለት ናቸው፤ ልጓም የገባባቸው ስድስት። ለኬትሳራ ከማስረከቧ በፊት በመርፌ ጫፍ የስድስቱን ግርጌ ጫር ጫር አደረገች። ጭረቷ ከፀጉር ትቀጥናለች፤ የሚፈልጋት ብቻ ያያታል። አሁን ኬትሳራ እንዳሻት ፕላስተር ትለጥፍ። ኦራታይ የሳህኖቹን እውነተኛ ማንነት ታውቃለች፤ ደብተሩ ሌላ ካለ ሌባዋ እጅ ከፍንጅ ተያዘች ማለት ነው።

ሳህኖቹ ቁጥር ተለጥፎባቸው ተመለሱ። ኦራታይ በሯን ዘግታ፣ እያንዳንዱን እየገለበጠች ጭረቷን አየችና ቆጠረች። የተጫሩት በአማካይ አርባ ዘጠኝ፣ ያልተጫሩት ሰባ ሦስት። ሲሶው ተመለሰ! ብቻዋን ሳቀች። ወዲያው አጃን ዘንድ ወጥታ፣ ስለ ጭረቷ ትንፍሽ ሳትል፣ «ኬትሳራ ቁጥር ትቀያይራለች፤ ደብተሩ ፊት ለፊታችን ይከፈት» አለች።

ሰኞ ሰባት ሰዓት ላይ ኬትሳራ ተጠራች። የተባለችውን ስትሰማ ፊቷ አመድ መሰለ። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ቁጥር በቁጥር አነበበች። አንድ፣ ልጓም ያለው። ሁለት፣ የሌለው። ኦራታይ በልቧ ከጭረቶቿ ጋር ታመሳክራለች። ሦስት ልክ፣ አራት ልክ፣ አምስት ልክ... አሥራ ሁለቱም አንድ ሳያዛንፉ ልክ ሆኑ።

አጃን የኦራታይን ቆጠራ ደምረው አካፈሉና እጃቸውን አጨበጨቡ።

«ይኸው ሲሶው! ልጄ፣ ጠላትሽ ኬትሳራ አልነበረችም። ያለፉት ሁለት ዙሮች ሕዋሶቹ ታመውብሽ ይሆናል፤ ተያቸው። በሉ ተታረቁ። እኔ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ለጉባኤው እልከዋለሁ።»

ኬትሳራ እጆቿን አጋጥማ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ ለአጃን እጅ ነሣች። ኦራታይን ግን ዞር ብላም አላየቻት።

ኦራታይ ደረጃውን ስትወርድ ደስታው እግሯን ቀለል አድርጎላት ነበር። ግን ጥርጣሬ የለመደ ሰው ደስታ አያምንም። «ዛሬ ደብተሩ ልክ ከሆነ፣ በፊትስ?» አለች። ሕዋሶቹ ያው ናቸው። ምግባቸው ያው፣ ቀለሙ ያው፣ የዘራቻቸው እጅ ያው። በዚህኛው ዙር የተለየው ምንድን ነው? ደረጃው መሃል ቆመች። የተለየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስትቆጥር የቱ የቱ እንደሆነ ታውቅ ነበር። ያለፉት ሦስት ዓመታትም ሁሉ ታውቅ ነበር።

 ፈራች፤ በሕይወቷ እንዲህ ፈርታ አታውቅም።

ሳህኖቹን ይዛ ስትገባ ኬትሳራ ሥራውን ልትለቅ ዕቃዋን ካርቶን ውስጥ እየከተተች ነበር።

«ኖንግ ኬት፣ እነዚህን ሳህኖች ቁጠሪልኝ» አለቻት፣ ታናሽ እህት እንደሚጠራ አድርጋ።

«አሁን ደግሞ ምን ልታደርጊኝ ነው?» አለች ልጅቷ ቀና ሳትል። «ቆጥሬ ስጨርስ ሌባ ልባል? ማንጎዬን እንኳ ሰርቀሽ በልተሻል፣ እኔ መቼ ከሰስኩሽ?»

ኦራታይ አፈረች። አንዱን ሳህን ገልብጣ ጣቷን ጭረቷ ላይ አሳረፈች። ኬትሳራ መጀመሪያ ሳህኑን፣ ቀጥሎ የኦራታይን ፊት አየች። የገባት ወዲያው ነው።

«ይህን እያየሽ ነው የቆጠርሽው?»

«እያየሁ።»

ካርቶኑን ወደ ጎን ገፋችው። የሁሉንም ሳህን ግርጌ በፕላስተር ሸፈነች፤ ኦራታይን ደግሞ «አንቺ ቁጥሮቹን ቀያይሪያቸው፤ እኔም ማወቅ የለብኝም» ብላ ጀርባዋን ሰጠቻት። ከዚያ ቆጠረች። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀባት። ልጓም ያላቸው ስድሳ ሦስት፣ የሌላቸው ስድሳ ስድስት። ሲሶ የሚባል ነገር የለም።

«ነይ እስቲ፣ ልጓም ካለው ሳህን ይቺን እዪ» አለችና ማይክሮስኮፑን ለቀቀችላት። «ሕዋሶቿን ቁጠሪያቸው።»

ኦራታይ ቆጠረች። ሃምሳ ሦስት።

«የቆጠርሻቸውን ምልክት ባደረግሽበት ወረቀት ላይ የለችም። ለምን ተውሻት?»

«ትንሽ መሰለችኝ።»

«ይቺኛዋስ? ልጓም ከሌለው ሳህን ናት።»

አርባ አራት ሕዋስ። ይቺን ግን ቆጥራታለች። ኦራታይ ዓይኗን ማይክሮስኮፑ ላይ እንደተከለች ቀረች። አልዋሸችም፤ ሆን ብላ አንዲት ነጠብጣብ አልደበቀችም። ዓይኗ የምትፈልገውን ብቻ ያሳያት ነበር። ይህ ደግሞ ከመዋሸት ይልቅ አሳመማት፤ ዋሽታ ቢሆን ቢያንስ ራሷን በጠረጠረች ነበር።

«ኬት፣ እኔ...»

«ይቅርታውን በኋላ። አሥር ሰዓት ሊሞላ ነው።»

አጃን ዊቺየን መነጽራቸውን አድርገው ኮምፒውተራቸው ፊት ተቀምጠዋል፤ ጽሑፉ ተዘጋጅቶ አልቋል። ኦራታይ በሩ ላይ ጫማዋን አውልቃ ገባች። ቃሉ ካፏ ሲወጣ ቋሚ ሥራዋም አብሮ እንደሚወጣ አውቃዋለች፤ እንባዋም መጣ።

«አጃን፣ አይላኩት። ስቆጥር ሳህኖቹን ለይቼ አውቃቸው ነበር። በፊትም እንዲሁ። ሳላውቃቸው ስቆጥር ሲሶው የለም፤ ኬትሳራም አሁን ሳታውቅ ቆጥራ አላገኘችውም።»

አጃን መነጽራቸውን አወለቁ።  ከዚያ ፈገግ ብለው፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው በለሰለሰ ድምፅ ጠየቋት።

«ይህን ነገር ሌላ ማን ያውቃል?»

ኦራታይ አየቻቸው። ስድስት ዓመት እኒህን ሰው አንድም ቀን ጠርጥራ አታውቅም ነበር።

«ኬትሳራ ታውቃለች» አለች። «አሁን ደግሞ እርስዎ አወቁ።»