ክኒኑና ወተቱ

ከወሊድ ፈቃድ በተመለሰች በሦስተኛው ቀን የሁለት ታካሚዎችን ደም አቀያይራ ልትልክ ለጥቂት ተረፈች። የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት፤ ቱቦ ላይ ስም መለጠፍ ዓይኗን ጨፍና የምትሠራው ሥራ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ ቱቦዎቹን ከእጇ ተቀብሎ አየና፣ «እህቴ፣ ይሄ እኮ የሰው ነፍስ ነው» አላት። አልጮኸባትም። ቢጮኽባት ይሻላት ነበር።

ከልጅነቷ ጀምሮ ሐሳቧ አልሰበሰብ ይላታል። ዘመዶቿ «ቀልበ ቢስ» እያሉ ነው ያሳደጓት፤ በኋላ ሐኪሞች ኤዲኤችዲ የሚባል የትኩረት ችግር ነው አሏት። የታዘዘላት ክኒን ሰው አድርጓት ነበር፤ ስታረግዝ ግን አቆመችው። አሁን ልጇ አምስት ወሯ ነው፣ ጡት ትጠባለች።

በማግስቱ ጠዋት ልጇን አጥብታ እንዳበቃች፣ ማንንም ሳትጠይቅ ከቁም ሳጥን ውስጥ የቀረውን ክኒን አውጥታ ዋጠች። ያን ቀን ሥራዋ እንደ ድሮው ቀጥ አለላት። ምሳ ሰዓት ቤት ደርሳ ልጇን አጠባችና ተመለሰች።

ዐሥር ሰዓት ላይ ስትመጣ ለቅሶው ደረጃው ላይ ተቀበላት። አማቷ ሕፃኗን ታቅፈው ከመስኮት ወደ በር ይመላለሳሉ።

«አጥብተሻት ከሄድሽ ወዲህ ዓይኗን አልከደነችም።»

ጡቷን ሰጠቻት። ልጅቷ አንዴ ሳበችና እሪ ብላ ፊቷን አዞረች። እናትየው ወደ አማቷ ቀና አለች።

«እማዬ... ጠዋት ክኒን ውጫለሁ።»

«የምን ክኒን?»

«ያን የድሮውን። ሐሳብ የሚሰበስበውን።»

አማቷ ቀጥ ብለው ቆሙ። «እያጠባሽ? ምነው ልጄ! በዚች በጨቅላ?»

ታክሲ ይዘው ወደ ክሊኒክ ሄዱ። ክሊኒኩ በር ላይ ልጇን ልትቀበል እጇን ስትዘረጋ አማቷ ሕፃኗን ጠበቅ አድርገው ያዙ። ያ ከስድብ በላይ አመማት።

የክሊኒኩ ሐኪም ሕፃኗን መዘነች፣ ልቧን አዳመጠች፣ ጆሮዋን አየች። «ምን ዓይነት ክኒን? ስንት ሚሊግራም? በስንት ሰዓት?» እናትየው እንደ ንስሐ አንድ በአንድ ተናገረች።

«ግራ ጆሮዋ ቆስሏል» አለች ሐኪሟ። «ጡት ስትስብ የሚያማት እሱ ነው።»

«ከክኒኑ አይደለም?» አሉ አማቷ።

«ጆሮ የሚያቆስል የእናት ክኒን አላውቅም።» ወደ እናትየው ዞረች። «አንቺን ግን ነፃ አላወጣሁሽም። እንዲህ ያለው መድኃኒት ወደ ወተት የሚያልፈው አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ነው፤ በሐኪም ክትትል እየወሰዱ የሚያጠቡ እናቶች አሉ። ግን ከመድኃኒት መድኃኒት ይለያል፣ ጥናቱም ገና ብዙ አይደለም። የሕፃን እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ሊነካ፣ ወተትም ሊቀንስ ይችላል። መጠኑን የሚወስን ሐኪም፣ ልጅቷን የሚከታተል ዓይን ያስፈልጋል። ከቁም ሳጥን እያወጡ መዋጥ የለም።»

«ጡት ላስጥላት?»

«አስጥያት ማን አለሽ? ክኒኑን ያዘዘልሽን ሐኪም እስክታገኚ ክኒኑ ይቆይ፣ ጡቱ ይቀጥል። ለጆሮዋ መድኃኒት እጽፍላታለሁ።»

ውጭ ሲወጡ አማቷ ሕፃኗን ለእናቷ አስረከቧት። «ክኒኑስ ይሁን፤ ግን ለምን ደበቅሽኝ?»

«እናት አይደለሽም እንዳይሉኝ ፈርቼ።»

አማቷ ወደ መንገዱ አዩ። «ልልሽም ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

ክኒኑን ያዘዘላት ሐኪም መጠኑን ቀንሶ አስጀመራት፤ በየሳምንቱም ልጅቷን እንድታስመዝን አዘዛት። በሁለተኛው ሳምንት ሕፃኗ ሁለት መቶ ግራም ጨምራ ተገኘች። አማቷ ነርሷን ቁጥሩን ሁለቴ አስነበቧት።