ሙሉዬን ፍለጋ ወደ ደጋው

በግንቦት ወር 1977 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ያለው የኡም ራኩባ ስደተኞች መጠለያ ሰው ለሁለት ተከፈለ። ዝናብ ሊጥል ነው የሚል ወሬ ስለተሰማ ገሚሱ አገሩ ገብቶ ለመዝራት ጓዙን ሸከፈ፤ ገሚሱ የሚሰፈርለትን ማሽላ እየተቀበለ ክፉውን ዓመት ለማሳለፍ ቀረ። የደብሪቱ ባል ላቀው ቁረይሻ በሚባል ቦታ እርሻ ላይ የቀን ሥራ አግኝቶ ስለነበር የእነሱ ቤት ከሚቀሩት ወገን ነበር። አባቷ አንዳርጌ ግን አንድ ማለዳ ዱላቸውን ይዘው ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ቆሙ።

«እኔ ልሄድ ነው» አሏት።

«የት? በሬ የለ፣ ዘር የለ።»

«ልዘራ አይደለም። እናትሽን ላያት ነው።»

እናቷ ሙሉዬ ባለፈው ኅዳር ሲሰደዱ ከጠገዴ ተራራ አናት ላይ፣ አስታ የሚባለው የደጋ ዛፍ ከበቀለበት መተላለፊያ፣ በረኃብና በብርድ ደክማ እዚያው ሞታ ነበር። ቄስ አልነበረም፤ መቆፈሪያም አልነበረም። አንዳርጌ ቀይ ጥለት ያለውን ጋቢያቸውን አውልቀው ገነዟትና ድንጋይ ከመሩባት። ከዚያ ወዲህ ስሟን አንስተው አያውቁም።

ብቻቸውን ልትሰዳቸው አልሆነላትም። የአራት ዓመት ልጇን ለእህቷ ለፋናዬ ትታ፣ ቆሎ ቋጥራ አብራቸው ወጣች።

ቆላውን በስድስት ቀን ጨረሱት። በሰባተኛው ቀን አቀበቱን ጀመሩ። አንዳርጌ የደጋ ሰው ነበሩ፤ ይሁንና የሱዳን ሜዳና ወባው ጉልበታቸውን ጨርሶት ነበር። ጥቂት ይራመዳሉ፣ ዱላቸውን ተደግፈው ይቆማሉ። ደብሪቱ ከኋላ ሆና መዳፏን ወገባቸው ላይ አሳርፋ ቀስ እያለች ትገፋቸዋለች። ከፍ እያሉ ሲሄዱ ለእሷም ትንፋሽ አጠራት፤ ጆሮዋ ጭው አለ። ከግራር ወጥተው ከአስታው ሲደርሱ ብርዱ ተቀበላቸው። ነጠላዋን አውልቃ ትከሻቸው ላይ ጣለችላቸው።

«አንቺስ?»

«እኔ ሞቆኛል።»

እንዳልሞቃት ያውቃሉ። ከድንጋይ ጥግ ጎናቸው አስቀመጧትና የነጠላውን ግማሽ በእሷ ላይ ጣሉት። ቆሎውን እየተሻሙ ሳይሆን እየተገባበዙ በሉ።

«አባዬ» አለች ደብሪቱ፣ «ያኔ እናቴ አጠገብ ትንሽ ልቀመጥ ሲሉኝ እጅዎን ይዤ የጎተትኩዎት እኔ ነኝ። እንዲያ አጣድፌ ስለለየኋችሁ ይቅር ይበሉኝ።»

አንዳርጌ ዞረው አይዋት። «ይህን ይዘሽ ነው የከረምሽ? ልጅሽ በጀርባሽ ነበር እኮ። ብንቀመጥ ሁላችንም እዚያው እንቀር ነበር። ደግ አደረግሽ። እኔን የሚበላኝ ሌላ ነው። ጅቡ...» አልጨረሱትም።

ከመተላለፊያው ሲደርሱ የድንጋይ ክምሩ አልነበረም። ድንጋዮቹ ወዲያና ወዲህ ተበትነዋል፤ ሥሩ ባዶ ነው። አንዳርጌ ተንበርክከው መሬቱን በእጃቸው ዳሰሱ። ደብሪቱ ከኋላቸው አቅፋ ያዘቻቸው።

እንዲህ እንዳሉ እንጨት የተሸከመች ሴት በመንገዱ መጣች። ቱርካ ትባላለች፤ ከተራራው ጀርባ ያለች መንደር ሰው ናት።

«ምን ጠፍቷችሁ ነው?»

«እናቴ» አለች ደብሪቱ። «ኅዳር ላይ እዚህ ነበር ያስቀመጥናት። ቀይ ጥለት ባለው ጋቢ።»

ቱርካ ሸክሟን አወረደች። «ባለ ጋቢዋ? እሷማ ጊዮርጊስ ደጅ ናት። የመንደሩ ሰው ወጥቶ በመንገዱ ዳር የቀሩትን ሁሉ በቃሬዛ አነሳን። እሷን ባሌ አስናቀውና ወንድሞቹ ናቸው የተሸከሟት።»

«አውሬ አላገኛትም?» አሉ አንዳርጌ።

«አላገኛትም፣ አባቴ። ድንጋዩን አጥብቃችሁ ነበር የካባችሁት፤ ለማንሳት እንኳ ወንዶቹ ተቸግረዋል። ጋቢዋንም ማንም አልነካባትም።»

አንዳርጌ ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ። ቱርካ እስኪበቃቸው ጠብቃ በአንድ በኩል ደገፈቻቸው፤ በሌላው ደብሪቱ ያዘቻቸውና ወደ መንደሩ ወረዱ።

የደብሩ ቄስ መቃብሩን አሳዩአቸው። ፍትሐቱን አድርሰው ነበር፤ የክርስትና ስሟን ስላላወቁ ግን «ወለተ ማርያም» ብለዋት ነበር። አንዳርጌ «ወለተ ሐና ናት» አሏቸው። በማግስቱ ቄሱ ጸሎቱን በገዛ ስሟ ደገሙላት።

ደብሪቱ ለመመለስ ስትነሳ አባቷ አብረዋት አልተነሱም። እነቱርካ ገብሳቸው ያልበቃቸው ድሆች ቢሆኑም አንድ መደብ ለቀውላቸዋል።

«ክረምቱ ይበርድዎታል» አለቻቸው።

«ይበርደኛል። ግን እዚህ እተኛለሁ። እዚያ እንቅልፍ አልነበረኝም።»

አልተከራከረችም። ጉልበታቸውን ሳመች፤ እሳቸውም ግንባሯን ሳሟት። አስናቀው እስከ ቆላው አፋፍ ሸኛት።

አንዳርጌ ሁለት ክረምት አሳለፉ። በሦስተኛው ዓመት፣ ጥቅምት ላይ፣ ደብሪቱ ልጇን ይዛ ስትወጣ በሕይወት ደረሰችባቸው። የልጅ ልጃቸውን አጠገባቸው አስተኝተው ሁለት ሳምንት ቆዩ። ሲያርፉ የመንደሩ ወንዶች መቃብሩን ከሙሉዬ ጎን ቆፈሩላቸው።